የእትዬ ዘርፌ በርና መስታወቱ

ስሜን አትጠይቁኝ። በእኛ ከተማ ሰው ስሙን በገዛ አፉ አይናገርም፤ ነውር ነው። የከተማዋንም ስም አልነግራችሁም። እኛ «ከተማችን» እንላታለን፣ እሷም አቤት ትላለች። ከእኛ ወዲያ ሌላ ከተማ እንዳለ ሰምተናል፤ እስካሁን ግን መጥቶ በራችንን ያንኳኳ የለም።

በራችንን ያልኩት አውቄ ነው። ሌላው አገር በእርሻው፣ በከብቱ፣ በልጆቹ ይኮራ ይሆናል። እኛ የምንኮራው በበር ነው። ጠዋት ስንገናኝ «በርህ እንዴት አደረ?» እንባባላለን፤ የተጠየቀውም «ተመስገን፣ ድርቅ ብሎ አድሯል» ይላል። ጥሩ በር ወፍራም ነው። ስንጥቅ የለውም፣ ከውስጥ ብርሃን አያሾልክም፣ ከውጭ ዐይን አያስገባም። ሴት ልጃችንን ስንድር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ቤታቸው በር አለው ወይ?» ብለን ነው። ስለ ሙሽራው የምንጠይቀው ጊዜ ከተረፈን ነው።

የበራችን ሥርዓት አጭር ነው። እንግዳ ያንኳኳል፤ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል፤ ከውጭ «እኔ ነኝ» ይላል። ስሙን የተናገረ እንደሆነ ባለቤቱን «ድምፄን የማታውቅ ደንቆሮ» ብሎ እንደሰደበ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሕፃኑም «እኔ ነኝ» ነው፣ ሽማግሌውም «እኔ ነኝ» ነው፣ መርዶ ነጋሪውም «እኔ ነኝ» ነው። ባለቤቱ ድምፁን ለይቶ፣ ማንነቱን አውቆ ይከፍታል። ተሳስቶ የከፈተ እንደሆነ እንግዳው የተጠራበትን ሰው ሆኖ ይገባል፣ የተጠራ እንግዳ አይመለስምና። ስሕተቱን የሰማ ጎረቤት ከከሰሰ ደግሞ የደጃፍ ሹሙ ራሳቸው መጥተው ባለቤቱን በድምፃቸው ይፈትኑታል። ከወደቀ በሩ ተነቅሎ ለከሳሹ ይሰጣል፣ እሱ ወደ መጋረጃ ቤት ይዛወራል።

መጋረጃ ቤት ከከተማው ዳር ያለ ረጅም አዳራሽ ነው። ደህና ይበላበታል፣ ደህና ይተኛበታል። በር ብቻ የለውም፤ በበሩ ፋንታ መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃ ደግሞ አይንኳኳም። እዚያ የገባ ሰው «ማነው?» ሳይል ይሞታል።

አሁን የማወራችሁ ስለ እትዬ ዘርፌ ነው። እትዬ ዘርፌ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ፣ የሰው ፊት ማየት የማትወድ ኩሩ ሴት ናት። በሯ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጣ፣ ቅጥያ የሌለው በር ነው። ሳንቃውን እሷና ባሏ ፊትና ኋላ ሆነው ከወንዝ ማዶ ተሸክመው ነው ያመጡት፤ ግራ ትከሻዋ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ እሷም ለጠየቃት ሁሉ ደስ እያላት ታሳያለች። የሌሎቻችን በር ሳንቃ ከሳንቃ የተጋጠመ ነው። መንገደኛ ቤት ሲጠይቀን «ከእትዬ ዘርፌ በር ወደ ላይ» ወይም «ከእትዬ ዘርፌ በር ወደ ታች» እያልን ነው የምናመለክተው።

የዚህች ሴት ጆሮ ቀስ በቀስ ከበደ። መጀመሪያ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ዝም አለ። ቀጥሎ ወፎቹ ዝም አሉ። በመጨረሻ ሰዎቹ ዝም አሉ። መንገድ ላይ ስንጠራት ዘወር ሳትል ታልፋለች፤ እኛም «እትዬ ዘርፌ ዛሬስ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችን፣ ምን ያለ ኩራት ነው» እያልን አማናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ ሐሜቱን አልሰማችም፤ ከፊታችን ግን አነበበችው። ደስም አላት። ኩሩ መባል ደንቆሮ ከመባል በብዙ ይሻላል።

ቀን ቀን ከበሩ ኋላ ተቀምጣ መዳፏን እንጨቱ ላይ ታሳርፍ ነበር። ሲንኳኳ በእጇ ታውቀዋለች። «እኔ ነኝ» የሚለው ግን በእጅ አይታወቅም። አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ትመጣለች ብላ ስትጠብቅ ተንኳኳ። «ማነው?» አለች፣ ጥቂት ቆየችና «ግቢ የኔ ልጅ» ብላ ከፈተች። የቆመው ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ የፍየል ነጋዴ ነበር። ሰውዬው ሕግ አክባሪ ስለሆነ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ «አክስቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ» አለ፣ ዕቃ አጠበ፣ ጓዳ ጠረገ፣ ጠጉሯን ሊሠራት ሁሉ ቃጥቶት ነበር። ፍየሎቹ ደጅ ላይ ሲጮኹ ዋሉ። እትዬ ዘርፌ አልሰማቻቸውም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው እልፍነሽ ግን ሰማች።

እልፍነሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇ ሚስት ሊያገባ ነው፣ የልጅቱ ቤተሰቦች ደግሞ ስለ በር ጠይቀዋል፣ የሷ በር ደግሞ ሳንቃው ተላቅቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋንዛውን በር የምታይበት ዐይን ተለወጠ። እትዬ ዘርፌም ያንን ዐይን አየችው። ዐይኗ ገና ክር በመርፌ በአንድ ጊዜ የሚያሾልክ ነበር።

መላው የመጣላት ፋኖሷን ስትወለውል ነው። እሳቱ ውስጥ ሆኖ ይታያል፣ ነፋሱ ግን አይገባም። የማዶው ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎ «መስታወት» እያለ ሲሸጥ አይታ ታውቃለች። በሯ ላይ በፊቷ ቁመት ልክ እንዲህ ያለ ነገር ቢገባ የመጣውን ሰው ታየዋለች፣ ጆሮዋን የሚፈትን አይኖርም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ የሚከፈለው ግን ቀላል አልነበረም። በሩ መቆረጥ አለበት።

አናጢው ሽብሩ ይህን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠ። በር ይሠራል እንጂ አይበሳም አላት። በከተማው ቅጥያ የለሽ በር አንድ መሆኑን፣ እሱን ካቆሰለው ነገ ሰው ፊት አናጢ ነኝ ብሎ መቆም እንደማይችል ነገራት። ለምን እንደፈለገችውም ጠየቃት፤ የጠየቃትን ከዐይኑ ገምታ «ቤቱ ጨለመብኝ» አለችው። ሽብሩ አላመናትም፣ የከተማው ቤት ሁሉ ጨለማ ነው፣ እሱም አንዱ ኩራታችን ነው። ሹሙ ከፈቀዱ ግን እሠራለሁ ብሎ ወደ ሹሙ በእጁ አመለከታት።

የደጃፍ ሹሙ ቢሮ በር ተከፍቶ በር፣ እሱም ተከፍቶ ሌላ በር ነው። እትዬ ዘርፌ ሁሉንም አልፋ ገባችና ቆማ «በበሬ ላይ መስታወት ላስገባ ፈልጌ ነው፣ ይፈቀድልኝ» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በከተማችን መስታወት ማለት ፊት ማያ ነው። ሌላ መስታወት አናውቅም፤ የፋኖሱን እንኳ ብርጭቆ ነው የምንለው፣ መስኮታችንም እንጨት ነው። ሹሙ በሯ ላይ ፊት ማያ ልትሰቅል ነው ብለው ተረዱ። ሐሳቡ ገባቸው፣ ቀጥሎ ደስ አሰኛቸው፣ በመጨረሻም የራሳቸው ሆነ። ብዙ ሰው ሳያረጋግጥ «እኔ ነኝ» እያለ እንደኖረ፣ እንግዳው ደጅ ላይ ራሱን አይቶ ቢናገር ግን ቃሉ የታመነ እንደሚሆን ሰፋ አድርገው አስረዷት። እትዬ ዘርፌ ምንም አልሰማችም። ከንፈራቸውን እንዳታነብ ሪዛቸው ሸፍኖታል። ራስ መነቅነቅ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ እሳቸውም ስትነቀንቅ እያዩ በሐሳባቸው ጥልቀት ረኩ። ፈቀዱላት።

ሽብሩ ደጅ ላይ ሁለት ጣውላ አጋድሞ በሩን አስተኛው። በመሮ ከፈተው፣ በመጋዝ አዞረው። እትዬ ዘርፌ ቆማ አየች። ልቧ ታመመ፣ መታመሙንም አልደበቀችም፤ ነጠላዋን ጠምዝዛ ይዛ «እሱ ቢኖር አይፈቅድልኝም ነበር» አለች ለሽብሩ፤ ባሏን ማለቷ ነው። መጋዙ ሲጮኽ ግን አልሰማችም። ጆሮዋን ያመሰገነችው ያን ቀን ብቻ ነው። ያለቀሰው ሽብሩ ነበር። አልቅሶ ሲያበቃ ዙሪያውን አለሰለሰ፣ እሷ ከማዶው ገበያ ገዝታ ያመጣችውን መስታወት አስገባ፣ በቀጫጭን እንጨት ከውስጥም ከውጭም አጥብቆ ያዘው፣ ጠርዙን በስቱኮ ደፈነና በሩን ቦታው መለሰው።

እትዬ ዘርፌ በሩን ዘግታ ፊቷን አስጠጋች። መንገዱ ታየ። ዶሮ ስትጭር ታየች፣ እልፍነሽ አጥሯ ሥር ቆማ ስታይ ታየች። በሩ ተዘግቶ ሳለ መንገድ ያየ ሰው በከተማችን እስከዚያን ቀን አልነበረም። ቅጥያ የለሹ በር ቢቆረጥም፣ በከተማው የሌለ በር የሷ መሆኑ አልቀረም፤ ይህን አሰበችና ብቻዋን ሳቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ሹሙ አዋጅ አስነገሩ። በየበሩ መስታወት ይግባ፤ በበር መስታወት ውስጥ የሚታየው ሰው በበሩ ፊት የቆመው ሰው ነው፤ መስታወት አይዋሽም። ከተማው ፊት ማያ ፍለጋ ተተራመሰ። ቁምሳጥናቸውን ያፈረሱ ነበሩ። አንድ ድኻ ጢም መላጫውን መስታወት ሰቀለ፤ እሱ ደጅ የቆመ እንግዳ አፍንጫውን ብቻ ስለሚያይ፣ «ማነው?» ሲባል ያላረጋገጠውን ላለመናገር «አፍንጫዬ ነው» ይል ጀመር።

አዋጁ ሠራ። እንግዳ መጥቶ ራሱን ያያል፣ አንገትጌውን ያስተካክላል፣ እኔ ነኝ ይላል፣ እውነትም እሱ ነው። ብዙው ሰው በዚሁ ረክቶ ሳያንኳኳ ይመለስ ጀመር። በሽተኛ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ደጅ ላይ ጤነኛ ፊት አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ለቤተሰቡ ያወራል። ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የተላኩ ሽማግሌዎች በር ላይ ራሳቸውን አይተው፣ ተከባብረው፣ ተመራርቀው ተመለሱ። ኩራታችን እጥፍ ሆነ። እንዲህ ያማሩ ሰዎች የሚጠይቁት ከተማ የት አለ እያልን፣ የሚጠይቀን ሳይኖር ዋልን።

እትዬ ዘርፌ ቤት ግን ይንኳኳ ነበር። እሷም ሥርዓቱን አላጓደለችም። «ማነው?» ትላለች፣ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ «ግባ የኔ ወንድም፣ ቤት ለእንግዳ» ብላ ትከፍታለች። አንድም አልተሳሳተችም። «የእትዬ ዘርፌ ጆሮ እንደ ልጅ ጆሮ ነው» አልን። ይህን ከፊታችን ስታነብ መጀመሪያ ደስ አላት። ኋላ ግን ቅር ይላት ጀመር። የሰረቀችው ነገር እንዳለ ተሰማት፣ ምን እንደሰረቀች ግን ለራሷም አልነገረችም።

ነገሩን ያፈነዳችው እልፍነሽ ናት። ሰርጉ እየቀረበ ነው፣ እሷም ሻሽዋን ልታስተካክል እትዬ ዘርፌ በር ፊት ቆመች። ቀና ስትል የታየቻት እትዬ ዘርፌ ነበረች። ቀጥ ብላ ወደ ሹሙ ሄደች። ክሷም እንዲህ የሚል ነበር፤ «ጌታዬ፣ የሷ መስታወት እኔን አያሳይም። ስቆምበት የማየው እሷን ነው። ጆሮዋም ቢሆን ከፍየል ነጋዴው ጊዜ ጀምሮ ከድቷታል።»

ሹሙ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡ። እኛም ሥራችንን ጥለን ተከተልን። እልፍነሽ የበሩን ቁመትና ወርድ የምትለካበት ገመድ ይዛ ከፊት ነበረች። ሹሙ ከአዋጁ ወዲህ በየበሩ ራሳቸውን ሲያዩ የሰነበቱ ሰው ናቸው። ባዩ ቁጥር ፊታቸው ደስ የሚል ሆኖ አግኝተውታል። በዚህ መንፈስ እትዬ ዘርፌ በር ፊት ቆመው ቀና አሉ።

መስታወቱ ውስጥ የነበረችው ሽበታም፣ አንገቷ ቀና ያለ፣ ትኩር ብላ የምታይ አሮጊት ናት።

ሹሙ እጃቸውን ወደ ሪዛቸው ሰደዱ። ከውስጥ እትዬ ዘርፌ ሰላምታ መስሏት እጇን ወደ ደረቷ አነሳች። ሹሙ ዘንበል አሉ፤ እሷም ማን እንደሆነ ልትለይ ዘንበል አለች። ሹሙ ገረጡ። የሚታየው የቆመው ነው ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ መስታወት አይዋሽም ያሉትም ራሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ሁሉ ያያል፣ ግን አዋጁን የሚጥስ ቃል ማን ይተንፍስ? ከአጃቢዎቹ አንዱ ደንብ የሚያከብር ሰው ስለነበር ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ «አይዞሽ እትዬ» አላቸው።

ሹሙ አንኳኩ።

እትዬ ዘርፌ መዳፏ ላይ ሰማችው። ገመዱን አይታለች፣ ሕዝቡንም አይታለች፤ ለምን እንደመጡ ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። መዳኛውም በእጇ ነበር። «ማነው?» ማለት ነው፣ ሪዛቸው ሲንቀሳቀስ ማየት ነው፣ «ይግቡ ጌታዬ» ብሎ መክፈት ነው። በሩ በሯ ሆኖ ይቀራል። ስትዘጋጅበት የከረመችው ለዚህ ነበር። አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ግን የሰውዬውን ፊት ልብ ብላ አየችው። ሹም ሆነው ሲያልፉ ከሩቅ፣ ፈቃድ ስትጠይቅም ከቅርብ አይታቸው ታውቃለች፣ ሁሌም በሹም ፊታቸው። እንዲህ ፈርተው፣ እንዲህ ጠፍቶባቸው ግን አላየቻቸውም ነበር። ይህንን የፈራ ፊት ታውቀዋለች። በዚህ ፊት ላይ ልትዋሽ አልቻለችም፤ እንዲህ ያለ ኩራት ለሷ አነሰባት።

ምንም ሳትጠይቅ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ቢያድግልኝ» አለች፣ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የገረጣኸው?»

ሁላችንም ወደ ሹሙ ዞርን። ሹሙ ስም ነበራቸው። ያውም እንዲህ ያለ ስም፤ እናት የምትፈራለትን ልጅ የምትጠራበት።

«እናትህ ካንተ በፊት የወለደቻቸው አልቆዩላትም» አለች እትዬ ዘርፌ፣ ድምፅዋ ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፅ ስለሆነ ለሁላችንም እየደረሰ። «አንተ ስትወለድ አጠገቧ ነበርኩ። ስሙን ስታወጣልህ ክንዴ ላይ ነበርክ። ልብ አድርገህ ስማኝ። ጆሮዬ ከከዳኝ ሰንብቷል። ስታንኳኳ አልሰማሁም፣ እኔ ነኝ ብትለኝም አልሰማህም። ዝናብ እንኳ አልሰማም። በሬን የበሳሁት ሰው አያለሁ ብዬ ነው፤ አየሁህም። በሩን ልትወስድ ከሆነ ውሰደው፣ መጋረጃዬን ራሴ እሰፋለሁ። አሁን ግን ደጅ አትቁም።»

ከዚህ ወዲያ ሹሙን አንቱ ማለት አፌን አልታዘዝ ብሎኛል፣ ይቅር በሉኝ። ቢያድግልኝ መስታወቱን አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ። ሊነግራት የፈለገውን እንድታየው ሪዙን በጣቱ ገለጥ አድርጎ፣ ሕፃን በሚጠይቅበት ድምፅ፣ «እኔ ነኝ?» አላት።

«አንተ ነህ» አለችው።

በከተማችን ይህ ቃል ደጅ ላይ ተነግሮ አያውቅም። ሁላችንም ዕድሜያችንን ሙሉ እኔ ነኝ ስንል ኖረናል፤ አንተ ነህ ያለን አልነበረም። ቢያድግልኝ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። እኛም በመስታወቱ አየነው። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። እሷ ስታወራ እሱ ያደምጣል፤ አንድ ጊዜ ሳቀ፣ አንድ ጊዜ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም። ያን ቀን ደንቆሮዎቹ እኛ ነበርን።

ሲወጣ ሁላችንም ፍርዱን ጠበቅን። ቢያድግልኝ ጉሮሮውን ጠረገና «መስታወቱ አዋጁን ያከብራል» አለ። «እኔን አሳይቶኛል።» ይህን ብሎ ሄደ፤ አጃቢው እስከ መንገዱ ጫፍ ክንዱን አልለቀቀም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘርፌ ደጅ ላይ ሰው ተሰልፎ ተገኘ። አንዱ ጨው ሊበደር ነው የመጣው፣ አንዱ ወንፊት ሊመልስ ነው፤ ያልተዋሰውን ወንፊት ሊመልስ የመጣም ነበር። ኩሩ ሰዎች ነን፣ ያለ ጉዳይ አንሄድም። እሷ በመስታወቱ ታየናለች፣ ማነው አትልም፣ ትከፍታለች፣ ስማችንን ትጠራለች። ጨዉን የተቀበለ ሰው አላየሁም። ስሙን ሰምቶ፣ አቤት ብሎ፣ ዐይኑን እየጠረገ ነበር የሚመለሰው።

እልፍነሽ ከመንገዱ ማዶ አጥሯ ሥር ቆማ ዋለች። ገመዱ ገና በእጇ ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ መጣችና በሩ ፊት ቆመች። ለማንኳኳት እጇን አንስታ መልሳ አወረደችው። ልታንኳኳ አልደፈረችም፣ ልትሄድም አልቻለችም።

እትዬ ዘርፌ በመስታወቱ ብዙ አየቻት። ከዚያ አንገቷን ቀና እንዳደረገች በሩን ከፈተች።

«እልፍነሽ» አለቻት። ገመዱንም ከእጇ ተቀበለች። «ይኼ ልብስ ማስጫ ይሆነኛል፤ ነይ፣ በዚያኛው ጫፍ ያዥልኝ» ብላ አስገባቻት።